የሆድ ቡአና የጥገና መረብ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

በቅርቡ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አምስቱ የእንስሳትን የሆድ ቡአ ወይም ሄርኒያ በመረብ ስለመጠገን የሚጠይቁ በመሆናቸው በዚህ እትም አንድ ላይ አስተናግጃቸዋለሁ። የመጀመሪያው ከሙያ ባልደረባ የመጣ ስለሆነ መልሱ ረዘም ይላል፤ ሌሎቹ ጠያቂዎችም ለየራሳቸው ጉዳይ የሚሆን መሠረት በዚያው ውስጥ ያገኛሉ።

ጥያቄ፦ በትልልቅ እንስሳት ላይ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ። 350 ኪሎ ግራም ገደማ የምትመዝን ላም ከሦስት ሳምንት በፊት በሌላ ከብት ቀንድ ተወግታ ቆዳዋ ሳይበጣ በቀኝ ጎኗ የሆድ ግድግዳዋ ተቀድዷል። እብጠቱ በእጅ ሲገፋ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ የቀዳዳው ስፋት 14 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በእጄ ያሉት መረቦች ሦስት ዓይነት ናቸው፦ ከባድ የፖሊፕሮፒሊን መረብ፣ የፖሊስተር መረብ እና በሰውነት ውስጥ የሚሟሟው የፖሊግላክቲን መረብ። ባልደረባዬ «ላም ከባድ እንስሳ ናትና ካሉት ሁሉ ጠንካራውን ምረጥ» ይለኛል። እርስዎ የትኛውን ይመርጣሉ?

መልስ፦ የባልደረባዎ ምክር መነሻው ልክ ነው፤ መድረሻው ግን ያሳስታል። በአራት እግሩ የሚቆም እንስሳ የሆድ ዕቃውን ክብደት በሙሉ በሆዱ ግድግዳ ላይ ተሸክሞ እንደሚውል አያከራክርም። ይሁን እንጂ በእኔ ልምድ አንድ ጥገና ሲበላሽ መረቡ መሐሉ ላይ ተበጥሶ ያገኘሁበት ጊዜ የለም፤ የሚለቀው ጠርዙ ነው። ክሩ ጡንቻውን እየቆረጠ ይወጣል፣ ወይም መረቡ ተኮማትሮ ከአንዱ ጎን ይሸሻል፣ ወይም መግል ይይዝና ሐኪሙ ራሱ ያወጣዋል። በሰው ላይ የተሠሩ ስሌቶች የሆድ ግድግዳ በከፍተኛ ጫና ጊዜ የሚሸከመውን ውጥረት በእያንዳንዱ ሳንቲ ሜትር 16 ኒውተን ገደማ ያደርሱታል፤ ከባዶቹ የፖሊፕሮፒሊን መረቦች ደግሞ ከዚህ እጅግ የበለጠ ይችላሉ። የላም ሆድ ከሰው ሆድ የበለጠ ጫና እንዳለበት ብንቀበል እንኳ፣ ምርጫውን የሚወስነው የላሟ ሥጋ መረቡን ምን ያህል አቅፎ ይይዘዋል የሚለው ጥያቄ ነው።

መረቡን ሐረግ እንደሚወጣበት ርብራብ አድርገው ያስቡት። በተሰፋ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የደም ፕሮቲን ይለብሰዋል፤ ባዕድ ነገርን የሚያሳድዱት ትልልቅ ነጭ የደም ሕዋሳት ይከቡታል፤ ቀጥሎም ጠባሳ የሚሠሩ ሕዋሳትና ቀጫጭን የደም ሥሮች በመረቡ ዓይኖች መካከል እየገቡ ከአካባቢው ሥጋ ጋር ያስሩታል። ይህ እንዲሆን ግን ዓይኖቹ ሰፊ መሆን አለባቸው። አሚድ የተባሉት ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡትና እስካሁን በምንጠቀምበት ምደባ ወሰኑ 75 ማይክሮን ሆኗል (ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው)፤ ዓይኖቹ ሁሉ ከዚህ የሚሰፉት መረቦች በአንደኛው ክፍል ሲመደቡ፣ ከ10 ማይክሮን ያነሰ ቀዳዳ ያላቸው በሁለተኛው፣ ሰፊ ዓይን ኖሯቸው ክራቸው ግን ግምድ የሆነው ደግሞ በሦስተኛው ይገኛሉ። ነገሩ የመጠን ጉዳይ ነው። ባክቴሪያ ወደ አንድ ማይክሮን ገደማ ስለሆነ በየትኛውም ስንጥቅ ሾልኮ ይገባል፤ የሚያሳድደው ነጭ የደም ሕዋስ ግን ከ10 ማይክሮን ስለሚበልጥ ጠባቡ ቀዳዳ አያስገባውም። ሌባ የሚገባበት፣ ዘበኛ ግን የማይገባበት ቤት ይሆናል ማለት ነው።

በእጅዎ ካሉት ሦስቱ ፖሊስተሩ የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። የአብዛኛው የፖሊስተር መረብ ክር ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተገመደ በመሆኑ፣ የመረቡ ዓይን ምንም ያህል ሰፊ ቢሆን በግምዱ ውስጥ ያለው ክፍተት ለባክቴሪያ መደበቂያ ይሆናል። ከዓመታት በፊት ሌላ ሐኪም እምብርቷ አካባቢ በእንዲህ ያለ መረብ የጠገናት ፍየል ወደ እኔ መጥታ ነበር። ቁስሉ ድኖ ጠጉር ካበቀለ በኋላ፣ በስምንተኛው ወር፣ ከጠባሳው ጎን የሽንብራ ፍሬ የምታህል ቀዳዳ ተከፍታ ቀጭን መግል ታፈስ ጀመር። መድኃኒት ሲሰጣት እየደረቀች፣ መድኃኒቱ ሲቆም እንደገና እያፈሰሰች ሁለት ወር ቆየች። ከፍቼ ስመለከት የመረቡ አንድ ጥግ ከሥጋው ጋር ሳይያያዝ እንደ ታጠበ ሻሽ ልፍስፍስ ብሎ፣ ግራጫ ዝልግልግ ነገር ውስጥ ተነክሮ ተቀምጧል፤ በመቆንጠጫ ስስበው አንዲት ጠብታ ደም ሳያስከትል ወጣ። የቀረውን ሦስት አራተኛ ለማውጣት ግን ከሥጋው በስለት እየላጥሁ ከአንድ ሰዓት በላይ ደክሜያለሁ። በአንድ ቁራጭ ላይ የተያዘውንና ያልተያዘውን ጎን ለጎን ያየ ሰው ስለ መረብ ዓይን ሌላ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

ፖሊግላክቲን ለሌላ ሥራ የተሠራ ነው። ጥንካሬውን በአንድ ወር ገደማ ውስጥ ያጣል፤ በሁለት ወይም በሦስት ወር ደግሞ ከነጭራሹ ሟሙቶ ይጠፋል። የሆድ ግድግዳ ሽፋን በበኩሉ የቀደመ ጥንካሬውን መልሶ የሚገነባው በወራት ስለሆነና ሙሉ በሙሉም ስለማይመልሰው፣ 14 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ላይ የሚሟሟ መረብ መዘርጋት ግድግዳው ሳይቆም መወጣጫውን እንደ ማፍረስ ይሆናል። ይህ መረብ የሚጠቅመው ቁስሉ በተበከለበትና ቋሚ ባዕድ ነገር መተው በማይቻልበት ጊዜ፣ አንጀቱን ለጥቂት ሳምንታት ደግፎ ለመያዝና ሁለተኛውን ቀዶ ሕክምና በረጋ መንፈስ ለማቀድ ነው።

ስለዚህ ምርጫዬ ባለ ነጠላ ክሩ ፖሊፕሮፒሊን ነው። ከባድ ይሁን ቀላል የሚለው ደግሞ እንደ እንስሳው ይወሰናል። ከባድ የሚባለው በአንድ ካሬ ሜትር ከ80 እስከ 100 ግራም የሚመዝነው ሲሆን፣ ቀላል የሚባለው ከ50 ግራም በታች ሆኖ ዓይኖቹ ከአንድ ሚሊ ሜትር የሚሰፉት ነው። በከባዱ መረብ ላይ የአንዱ ክር ጠባሳ ከጎረቤቱ ክር ጠባሳ ጋር ይገናኝና ሁሉም አንድ ደረቅ ሳንቃ ይሆናል፤ ሳንቃው ይኮማተራል፣ አይታጠፍም፣ እንስሳውንም ያሳክከዋል። በትንሽ ውሻና በድመት ላይ ከባድ መረብ የማልሰፋው ለዚህ ነው። የላም ጎን ግን ሰፊ ስለሆነና በእርስዎ ታካሚ ላይ መረቡ ክፍተቱን ብቻውን የሚያሻግር ስለሆነ በእጅዎ ያለውን ከባዱን ቢጠቀሙ አልቃወምም። ከፕላስቲክ በፊት የነበረውን ዘመን ለማስታወስ ያህል፣ ዩሸር የተባሉት አሜሪካዊ ቀዶ ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ የፕላስቲክ መረብን ከማስለመዳቸው አስቀድሞ ሐኪሞች የታንታለምና የማይዝግ ብረት ሽቦ መረብ ይሰፉ ነበር። ከእነዚያ የሚጠነክር አልነበረም፤ ሆኖም የታንታለሙ ሽቦ በእያንዳንዱ ትንፋሽና እርምጃ ሲታጠፍ ሲዘረጋ ቆይቶ እየተሰባበረ ስብርባሪው ሥጋ ይወጋ ነበር።

ሆኖም ከመረቡ ይልቅ ያሳሰበኝ ቀኑ ነው። ሦስት ሳምንት ገና ነው። አሁን ቢከፍቱ የቀዳዳው ከንፈር ያበጠና በደም የራሰ ጡንቻ ስለሚሆን ክርዎን እንደ ቅቤ ይለቅብዎታል። የላሟ መብልና እበት እስካልተስተጓጎለ፣ እብጠቱም እየተመለሰ እስከሆነ ድረስ ከአደጋው ቀን ጀምሮ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይጠብቁ። ጊዜው መድረሱን ጣትዎ ይነግርዎታል፤ ዕቃውን ወደ ውስጥ መልሰው የቀዳዳውን ዙሪያ በጣትዎ ጫፍ ሲዳስሱ እንደ ወፍራም ገመድ የጠነከረ ጠርዝ ሳይቋረጥ ሊያገኙ ይገባል። እብጠቱ መመለሱን ካቆመ፣ ከጠነከረና ካመማት ግን አንጀት ታንቋልና አንድ ቀን እንኳ አይታገሡ። ላሟ እርጉዝ መሆን አለመሆኗንም አስቀድመው ይመርምሩ፤ የገፋ እርግዝና በዚያው በቀኝ በኩል የሚያሳድረው ጫና አዲስ ስፌት የሚችለው አይደለም።

በቀዶ ሕክምናው ቀን ላሟ ከ24 እስከ 36 ሰዓት ከመኖ ተከልክላ ትቅረብ። የቡአውን ከረጢት ቆርጠው አይጣሉ፤ ከቆዳው ሥር በጥንቃቄ ለይተው ወደ ውስጥ ገልብጠው ቢያስገቡት በአንጀቱና በመረቡ መካከል ተፈጥሮ ያዘጋጀው መጋረጃ ይሆንልዎታል። እርቃኑን ከአንጀት ጋር የተነካካ ፖሊፕሮፒሊን ከአንጀቱ ጋር ይጣበቃል፤ ከረጢቱ ከተቀደደብዎ ስፉት፣ ካልሆነም ሞራውን ስበው ያልብሱት። መረቡን ከጡንቻው ውጭ ከቆዳ ሥር ከማኖር ይልቅ በጡንቻውና በሆድ ውስጠኛ ሽፋን መካከል ቢያኖሩት የሆድ ዕቃው ክብደት ራሱ ከጡንቻው ጋር እየገፋ ያጣብቅልዎታል፤ በውጭ በኩል የተሰፋውን ግን ያው ክብደት ከጡንቻው እየገፋ ያላቅቀዋል። በየአቅጣጫው ቢያንስ አራት ሳንቲ ሜትር ጤነኛ ጡንቻ ላይ እንዲተርፍ ለ14 ሳንቲ ሜትር ቀዳዳ 22 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቁራጭ ያስፈልግዎታል። ማዕዘኖቹን ክብ አድርገው ይቁረጡ፤ ሹል ጥግ ይታጠፋል፣ የታጠፈ ጥግ ውስጥም ውኃ ይቋጠራል። በማይሟሟ ባለ ነጠላ ክር፣ በሁለት ሳንቲ ሜትር ርቀት፣ ክሩን ወደ ላይ እያወጡና እየመለሱ ዙሪያውን ይስፉት። ላሟ ተኝታ ሳለች ረገብ ብሎ የሚታይ መረብ ስትነሣና ስትጠግብ ተንጠልጣይ ከረጢት ስለሚሆን፣ እንደ ከበሮ ባይወጠርም ያለ አንዳች ጨማዳ መዘርጋት ይኖርበታል።

ጥያቄ፦ ውሻዬ በአሮጌ የቀዶ ሕክምና ጠባሳዋ ላይ የወጣባት ቡአ በመረብ ከተጠገነ ስድስት ቀን ሆኖታል። አሁን በስፌቱ ሥር ለስላሳ እብጠት ወጥቷል። የሚያውቋት ሰዎች «ሰውነቷ መረቡን አልተቀበለውም» ብለውኛል። መረቡ መውጣት አለበት?

መልስ፦ በፍጹም አይቸኩሉ። ሰውነት ከሌላ አካል የተወሰደ ኩላሊትን እንደማይቀበለው ሁሉ ፕላስቲክን «አልቀበልም» የሚልበት ሁኔታ የለም፤ የሚያደርገው በጠባሳ መክበብ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የሚታየው ለስላሳ፣ የማይተኩስና የማያም እብጠት ብዙውን ጊዜ መረቡን ለማኖር ቆዳው ከጡንቻው በተለየበት ቦታ የተጠራቀመ ውኃ ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥም ሰውነቷ ራሱ ይመጠዋል። ደጋግመው ወደ ሐኪም በሄዱ ቁጥር በመርፌ እንዲመጠጥ አይጠይቁ፤ መርፌው ከቆዳ ላይ ይዞት የሚገባው ባክቴሪያ እስከዚያ ድረስ ንጹሕ የነበረውን ውኃ መግል ያደርገዋል። እንዳትልሰው የአንገት መከላከያዋ አይውለቅ፤ ቢያንስ ለአንድ ወርም በማሰሪያ ካልሆነ በቀር አትሩጥ፣ ደረጃም አትዝለል።

ሐኪሟን በዚያው ቀን ማግኘት ያለብዎት እብጠቱ ከሞቀ፣ ሲነካ ካመማት፣ ከስፌቱ የደፈረሰ ፈሳሽ ከወጣ፣ የሰውነቷ ሙቀት ከ39.5 ዲግሪ ካለፈ ወይም እብጠቱ ሲጫኑት ወደ ውስጥ የሚገባ ከሆነ ነው፤ የመጨረሻው ምልክት ቡአው መመለሱን ሊያመለክት ይችላል። ያን ጊዜ ሐኪሟን አንድ ነገር ይጠይቁ፦ መረቡ ከምን የተሠራ ነው? ሰፊ ዓይንና ነጠላ ክር ያለው ከሆነ መግሉን በማስወጣትና በመድኃኒት ብዙ ጊዜ ይተርፋል። ግምድ ክር ያለው ወይም ፒቲኤፍኢ ከሚባል የተለጠጠ ፕላስቲክ የተሠራው ለስላሳ ነጭ ሉህ ከሆነ ግን ከተመረዘ በኋላ መውጣቱ አይቀርም ማለት ይቻላል። ይህ ሉህ ከአንጀት ጋር እምብዛም ስለማይጣበቅ ይወደዳል፤ ያንን ጠባይ የሰጠው የቀዳዳው ጥበት ነውና ጉዳቱም ከዚያው ይመነጫል።

ጥያቄ፦ ከእንስሳት አካል የሚዘጋጁ መረቦች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ተፈጥሯዊ ስለሆኑ ከፕላስቲክ አይሻሉም?

መልስ፦ አሉ። ከአሳማ ትንሹ አንጀት፣ ከአሳማ ቆዳ ወይም ከከብት ልብ ከረጢት ሕዋሳቱ ታጥበው ከወጡ በኋላ የሚቀረው የኮላጅን፣ ማለትም ሥጋን የሚያያይዘው ፕሮቲን፣ ቅርፊት ነው። ሰውነት በወራት ውስጥ እያፈረሰ በራሱ ሥጋ ይተካዋል ተብሎ ይታሰባል፤ በዚህም የተነሣ መግል ላለበት ቁስል ይመረጣል ሲባል ቆይቷል። ሆኖም የተወሰኑ ባክቴሪያዎች ኮላጅንን ራሱን ይበሉታል፤ ሰፊ ክፍተት ላይ ሲዘረጋም እየሳሳ ይለጠጣል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ የተበከለ የሆድ ቡአ የነበረባቸውን 253 ሰዎች በዕጣ ለሁለት የከፈለ ጥናት በሁለት ዓመት ውስጥ ቡአው የተመለሰባቸው ሰው ሠራሽ መረብ ካገኙት 5.6 በመቶ፣ ከእንስሳ የተዘጋጀውን ካገኙት ግን 20.5 በመቶ መሆናቸውን አሳይቷል። ሰው በሁለት እግሩ፣ ላም በአራት እግሯ መቆሟን ሳልዘነጋ፣ «ተፈጥሯዊ» የሚለው ቃል ብቻውን ምርጫዬን አያስለውጠኝም።

ጥያቄ፦ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። የሕክምና መረብ በማይገኝበት ቦታ አጎበር አምክኖ መስፋት ይቻላል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ ከእውነት የተነሣ ነው፤ በአፍ ሲተላለፍ ግን ዋነኛው ክፍል ይወድቅበታል። በዩጋንዳ በ302 ወንዶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት ለብሽሽት ቡአ ከአጎበር ጨርቅ የተዘጋጀ መረብን ከመደበኛው መረብ ጋር አወዳድሮ፣ በአንድ ዓመት ውስጥ ቡአው የተመለሰባቸው በአጎበሩ በኩል 0.7 በመቶ ብቻ፣ በመደበኛው በኩል ደግሞ አንድም ሰው አለመኖሩን አሳይቷል፤ ልዩነቱም ትርጉም ያለው አልነበረም። ያ ጨርቅ ግን የትንኝ መድኃኒት ያልነካው፣ ክሩና ዓይኑ አስቀድሞ የተመረመረ ፖሊኤትሊን ነበር። በገበያ የሚገኘው አጎበር ግን በአብዛኛው በፀረ ተባይ የተነከረ ነው፤ ብዙውም ከግምድ ፖሊስተር የተሠራ ነው፤ የግምድ ክርን ነገር ደግሞ ከፍየሏ ታሪክ አይተነዋል።

ፕላስቲኩን ለመለየት ቀላል ዘዴ አለ። አንዲት ክር ቆርጠው በሳሙና ውኃ ካራሱ በኋላ ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይጣሏት፤ ፖሊኤትሊንና ፖሊፕሮፒሊን ከውኃ ስለሚቀልሉ ይንሳፈፋሉ፣ ፖሊስተር ግን ይሰምጣል። ይህ ፈተና የሰመጠውን ለመጣል እንጂ የተንሳፈፈውን ለመስፋት ፈቃድ አይሰጥም፤ በፀረ ተባይ የተነከረ ፖሊኤትሊንም ይንሳፈፋልና፣ ማጠብም መድኃኒቱን አያስወጣውም። ሙቀቱም ሌላ ጣጣ አለው። ፖሊፕሮፒሊን የሚቀልጠው ከ160 ዲግሪ በላይ ስለሆነ የ121 ዲግሪ እንፋሎትን ይችላል፤ ፖሊኤትሊን ግን የሚቀልጥበት ሙቀት እዚያው አጠገብ ስለሆነ ማምከኛው ትንሽ ቢያልፍ ዓይኖቹ ተኮማትረው የገባውና የወጣው ጨርቅ አንድ አይሆኑም። እኔ ከአጎበር ይልቅ ቀዳዳውን ያለ መረብ በወፍራም ክር፣ አንዱን ጠርዝ በሌላው ላይ ደርቦ መስፋትን እመርጣለሁ፤ ይህም ካልቻለ እንስሳውን ሆዱን በሰፊ ጨርቅ አስሮ መረብ ወዳለበት መላክን።

ጥያቄ፦ የሁለት ወር ወንድ ጥጃዬ እምብርቱ ላይ ሁለት ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ አለበት፤ እብጠቱ ሲገፋ ይመለሳል። መረብ ያስፈልገዋል?

መልስ፦ አያስፈልገውም። እንዲህ ያለ ትንሽ ቀዳዳ ጥጃው ሲያድግ ራሱ ሊዘጋ ይችላል፤ ካልተዘጋም ተራ ስፌት ይበቃዋል። ስለ መረብ ማሰብ የምንጀምረው ቀዳዳው ወደ 10 ሳንቲ ሜትር ሲጠጋ ወይም የተሰፋው ተመልሶ ሲከፈት ነው። በየሳምንቱ በጣትዎ ይለኩት፤ በስድስት ወሩ ካልጠበበ ለሐኪም ያሳዩት፤ እብጠቱ ከሞቀና አልመለስ ካለ ግን የእምብርት መግል ወይም የታነቀ አንጀት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ይውሰዱት። የእምብርት ቡአ ብዙ ጊዜ በዘር የሚተላለፍ በመሆኑ ጥጃው ቢድንም ለእርባታ ኮርማነት አያቆዩት።